ከሲሳይነሽ የደበቅነው

ሲሳይነሽን በሩቅ የሚያያት ሰው ክፉ ትመስለዋለች። ክፉ አይደለችም፤ ሰው አታምንም እንጂ። ቡሬ እኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የፈተና ወረቀት ሦስት ጊዜ ትቆጥራለች። ወተት ስትገዛ አሽትታ፣ ጣቷን ነክራ፣ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስታ አይታ ነው። ባጃጅ ስትሳፈር ሾፌሩን "በየት በኩል ልትወስደኝ ነው?" ትለዋለች፣ መንገዱ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ! ተማሪዎቹ "ካሜራ" ብለው ሰይመዋታል። ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች "ስመኘው፣ ከደብተርህ ሥር ያለውን አስቀምጥ" ስትል ልጁ ክው ይላል። እኔ ገደፋው፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ በሃያ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ዓይን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ከዚህች ሴት ነው ሞት ደብቁ የተባልነው። ጉድ እኮ ነው!

የሞተው ታናሽ ወንድሟ ዘመኑ ነው። ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ያዘው፤ በአራተኛው ቀን አለፈ። እሬሳውን የሚያመጣው ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀበሩት። እናታቸው እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ከሽንዲ ወዲያ ገጠር ናቸው የሚኖሩት፤ እሳቸው ቤት ለቅሶ ተቀመጡ፣ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። ለሲሳይነሽ ብቻ አልተነገራትም። እንዴት ይነገራት? ነፍሰ ጡር ነቻ! ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጸንሳ ሁለቱም ወርዶባታል። ጤና ጣቢያ "መኪና ላይ እንዳትወጪ፣ እንዳትደነግጪ" ብለዋት፣ እናቷን እንኳ ሄዳ ካየች አራት ወር አልፏታል።

ዘመኑ ደግሞ ለእሷ ወንድም ብቻ አይደለም። አባታቸው ሲሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ አራት። ሽንዲ ቤት ተከራይታ ስትማር ይዛው ሄደች። ከእናቷ የምትቀበለውን የሳምንት ስንቅ ለሁለት ተካፍለው እየበሉ፣ ጠዋት አንደኛ ክፍል አድርሳው፣ ራሷ ስምንተኛ ክፍል ትገባለች። "እኔ ሳላገባ ነው ልጅ የወለድኩት" እያለች ትቀልድ ነበር። መተማ ልሂድ ሲላት ሳምንት ሙሉ ተጣልታዋለች። ኋላ ነው ጫማ ገዝታ የሸኘችው።

ባሏ ዳኘው እህል መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ዝምተኛ ሰው ነው። እሷ ክፍል በገባችበት ሰዓት ትምህርት ቤት መጣና ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሰበሰበን።

"እስክትወልድ ድረስ ነው የምለምናችሁ" አለ። "በሰላም ትገላገል፣ ልጁ ክርስትና ይነሳ፣ ከዚያ በሥርዓቱ እናረዳታለን። ይህኛው ከወረደ ሲሳይነሽም አትተርፍልኝም።"

ሁላችንም "እንዴታ!" አልን። እኛ አገር ለነፍሰ ጡር መርዶ የሚነግር ሰው የለም። አሁንም ቢሆን ሥርዓቱን አልወቅስም፤ ልብ በሉልኝ። ታዲያ ከመምህራን በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝና "ጋሽ ገደፋው ይጠብቃት፣ ወሬ እንዳይደርሳት" ተባለ። አይ ሹመት! ምናለ ሌላ ሰው ባገኙ።

መጠበቁን ተያያዝኩት። ዘበኛውን ጠረጠርኩ፣ ወሬ ይወዳል። ሻይ የምታፈላልንን ደስታነሽን ጠረጠርኩ፤ ሲሳይነሽን ባየች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ "ሽንኩርት ነው" ትላለች፣ ሽንኩርት በሌለበት። ከሁሉ በላይ ያስፈራችኝ ግን የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ወይኒቱ ነበረች። የሲሳይነሽ አገር ልጅ ናት። አርብ አርብ ገጠር ሄዳ እሑድ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ለቅሶው ላይ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ አልቅሳለች። ጠራኋትና ባሕር ዛፉ ሥር አቆምኳት።

"ስሚ፣ ለመምህርት ሲሳይነሽ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ከዚህ ትምህርት ቤት ውልቅ ነው የምትይው!"

"እሺ ቲቸር።" መሬት መሬት እያየች "ግን ቲቸር፣ ኃጢአት አይሆንብንም?" አለችኝ።

"ኃጢአቱ በእኔ! ሂጂ ክፍልሽ ግቢ!"

ሲሳይነሽ ታዲያ ዝም ብላ የምትቀመጥ መስሏችኋል? መምህራን ማረፊያ ገብታ ወሬያችን ቀጥ ሲል በሩ ላይ ትቆምና አንድ በአንድ ታየናለች። "ቀጥሉ እንጂ፤ እኔን ነበር የምታሙት?" ትላለች። እኛ እንስቃለን፤ ሳቃችን ደግሞ አያምርም። አንድ ቀን እኔን ለብቻዬ አገኘችኝና "ጋሽ ገደፋው፣ የዘመኑ ስልክ አልሠራ አለኝ" አለችኝ።

"መተማ መቼ ኔትወርክ አለና!" አልኳት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም፤ አፌ ቀባጠረ። "እንዲያውም ከዚያ የመጣ ሰው አግኝቼ ነበር። ዘመኑ ደህና ነው፣ ወፍሯል አለኝ።"

አየችኝ። አይታ አይታ፣ "ወፍሯል?" አለች።

"ወፍሯል።"

"ይወፈር" ብላ ሄደች። ነቅታብኛለች ስል፣ ደግሞ አልነቃችም ስል፣ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ሞላን። ረቡዕ ቀን መጣችና "ጋሽ ገደፋው፣ የክፍል ምልከታ ተራው የእርስዎ ነው፤ ነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አሥራ አንደኛ ሀ ይግቡልኝ" አለችኝ። እኛ ጋ መምህር መምህሩን ገብቶ ያያል፣ ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል። ይህ ሁልጊዜ ያለ ነው። ሆኖም ግን ጠረጠርኩ። ለምን እኔን? ለምን የወይኒቱን ክፍል?

ሐሙስ ገባሁ። ኋላ ወንበር ላይ ቅጼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነስታ አደለች፤ ድሮ ፈረንጅ አገር የተጻፈ፣ የሚያስፈራ ዓይነት ረጅም ግጥም ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ከሂሳብ መጽሐፍ አያልፍም፤ ደግነቱ እሷ እያነበበች በአማርኛ ታብራራለች። አንድ ሰው ረግረግ ዳር ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ይኖራል። እጮኛው በጀልባ ሄዳ አልተመለሰችም። ንጋት ላይ፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ ቤቱን የሚዞር የእግር ድምፅ ይሰማል። አንድ እግር አይደለም፣ ብዙ ነው። በሩ ድረስ ይመጣል፣ ያንሾካሹካል፣ ይመለሳል። ሰውየው መብራት አብርቶ ተቀምጧል፤ "ነፋስ ነው፣ ከብት ነው፣ ዝናብ ነው" ይላል፤ በሩን ግን አይከፍትም። ግጥሙ በዚሁ ያልቃል።

እኔ ቅጹን ትቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ከስንቱ ግጥም ይህን ለምን መረጠች?

"እሺ" አለች ጠመኔዋን ይዛ። ሆዷ ገፍቶ ቀሚሷን ወጥሮታል። "ቤቱን የሚዞሩት እነማን ናቸው?"

አንዱ "መናፍስት ናቸው ቲቸር፣ ከታች ማስታወሻው ላይ ተጽፏል" አለ።

"ማስታወሻውን ተወው። አንተ ምን ትላለህ?"

"ጠበል ይሂድ ነው የምለው" አለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ውዳሴ የምትባል ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ጎረቤት የለውም እንዴ? ዕድር የለውም? እጮኛው ጠፍታበት አንድ ሰው እንኳ እንዴት አብሮት አያድርም? እኔ እሱን ራሱን ነው የጠረጠርኩት። የሆነ ነገር አድርጓታል።"

"ኧረ ሌቦች ናቸው!" አለ ስመኘው። ነገር ሁሉ ቀልድ የሚመስለው ልጅ ነው። "ቤቱን እያጠኑት ነው።" እንደገና ተሳቀ። እኔም ተንፈስ አልኩ።

ምን ዋጋ አለው፣ ስመኘው አልተቀመጠም። ወረቀቱን ደግሞ አየና ፊቱ ተለወጠ። "ቆይ ቲቸር... ሌባ ቢሆን ይገባል። ጋኔን ቢሆን በር አያግደውም። እነዚህ ግን በሩ ድረስ መጥተው ይመለሳሉ። ንጋት ላይ ነው የሚመጡት፤ ብዙ ሆነው ነው የሚመጡት። እነዚህ መርዶ ሊነግሩት የመጡ..."

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የነቃው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። አርባ ሦስት ልጅ ባንድ ጊዜ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል! እኔ ዘበኛ ስጠረጥር፣ እነዚህ ጉዶች አንድ ሳይቀሩ ሰምተው፣ ተስማምተው ሲደብቁላት ከርመዋል። ወረቀቴ ከጉልበቴ ወደቀ፤ ብድግ አልኩ።

"ሰዓቱ አልቋል! ውጡ!"

"ጋሽ ገደፋው" አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "ገና ሃያ ደቂቃ አለ። ተመልካች ደግሞ አይናገርም። ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ?

"ጥሩ ነው ስመኘው" አለችው። "ሊነግሩት ነው የመጡት። ታዲያ ለምን አይነግሩትም?"

ከወዲያ ጥግ አንዱ "አዝነውለት ነው ቲቸር። እንዳይደነግጥ" አለ፣ እየተንተባተበ።

"እሱስ? መሞቷን ያውቃል ወይስ አያውቅም?"

ዓይኗን በክፍሉ ላይ አዞረች፤ እኔ የማውቀው ያ የጥርጣሬ ዓይኗ ነው። ወይኒቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ወይኒቱ፣ አንቺ ንገሪኝ።"

ልጅቷ ተነሣች። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ በጭንቅላቴ "እንዳትይ!" አልኳት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

"ያውቃል ቲቸር" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"መብራት አብርቶ ነው የሚጠብቃቸው። ምንም የማያውቅ ሰው ተኝቶ ያድራል።" ዓይኗን ከእኔ አንስታ ወደ ሲሳይነሽ ዞረች። "በሩን ከፍቶ እሱ ራሱ 'ሞታለች አይደል?' እንዳይላቸው ሟርት ይሆንበታል። እስኪነግሩት ነው የሚጠብቀው። ካልነገሩት ማልቀስ አይችልም።"

ሲሳይነሽ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንበሯን ሳበች፣ ሆዷን ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ሃያ አንድ ቀኔ ነው" አለች።

በስማም! ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ እሷ እየሄድኩ መሆኔን እንኳ አላወቅሁም።

"ገበያ መሐል ነበርኩ፣ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ" አለች። የምታወራው ለእኔ ነው፤ ልጆቹንም አላስወጣችም። "ስልኬ ጮኸ፤ የዘመኑ ቁጥር ነው። 'አቤት ዘመንዬ!' አልኩ። ሌላ ሰው ነው። 'መጨረሻ የደወለው ለዚህ ቁጥር ነው፤ ምኑ ነሽ?' አለኝ። 'ጎረቤቱ ነኝ' አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ጎረቤት መስዬው ሁሉንም ነገረኝ፤ ወባው እንዴት እንደያዘው፣ የት እንደቀበሩት። ዘንቢሌን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ማታ ዳኘው ሲመጣ ፊቱን አየሁት፤ ሰምቷል። ነገ ጠዋት ሰው ይዞ ያረዳኛል አልኩ። ሌሊት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ዳኘው 'ዘመኑ ደውሎ ነበር፣ ሰላም ብሎሻል' አለኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎም ወፍሯል አሉኝ።"

አፈርኩ፤ መሬት አልዋጠኝም እንጂ።

"ሲሳይነሽ፣ ለፅንሱ ብለን ነው" አልኳት። "ካወቅሽ ታዲያ ምነው አልነገርሽን?"

"እኔ?" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። "የገዛ ወንድሜን መርዶ እኔ ለእናንተ ላርዳችሁ? እኔ ራሴ ተነሥቼ 'ሞቷል' ልበል? በመጀመሪያው ሳምንት ጠበቅኋችሁ። በሁለተኛው ጠረጠርኩ። ዝም ያሉት ዘመኑ የሚለቀስለት ሰው ስላልሆነ ነው አልኩ። ምን አድርጎ ነው? ሰርቆ ነው? ሰው ገድሎ ነው? ወባ ያሉኝ ውሸት ነው? እናቴስ ልጄ አይደለም ብላ ነው? እናንተን ብጠይቅ ትዋሹኛላችሁ። እነዚህ ግን ግጥም ሲያነቡ አይዋሹም፤ ዘጠኝ ዓመት አይቻቸዋለሁ።"

እዚህ ላይ ወይኒቱ ሥርዓቱንም የእኔንም ዛቻ ረሳችው። ከወንበሮቹ መሐል እየሮጠች ወጥታ የሲሳይነሽ እግር ሥር ቁጭ አለች።

"አልተለቀሰለትም? ኧረ ቲቸር! አገሩ ሁሉ ነው ያለቀሰለት! ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው አጥር ሥር ነበር የተቀመጠው። እማሆይ ደረታቸውን ሲደቁ እናቴ ናት እጃቸውን የያዘችው። 'ለእናቱ ጧሪዋ፣ ለእህቱ ልጇ' እያሉ ነው ያለቀሱት።"

"ልጇ አሉ?"

"ልጇ አሉ ቲቸር። የእርስዎን ስም እየጠሩ 'ማን ይነግራታል' ይሉ ነበር።"

"ልብሱንስ? አውጥተውለታል?"

"ያ ሰማያዊ ኮቱን አውጥተው፣ ፎቶውን ላዩ ላይ አድርገው። አጎትሽ... አጎትዎ ፎከሩለት።"

ሲሳይነሽ እንደተራበ ሰው ነበር የምትሰማት። ማን መጣ? ከየት መጣ? ቄሱ ምን አሉ? እያለች ታስደግማታለች። ልጆቹ ፊታቸውን ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ያለቅሳሉ። ስመኘው፣ ያ ቀልደኛ፣ ትከሻው ይርገበገባል። ጩኸቱን ሰምቶ ርእሰ መምህሩ እየሮጠ መጣ፤ እኔ በሩን በጀርባዬ ያዝኩበት። "ምልከታ ላይ ነን" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሲሳይነሽ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ ደረቅ ነው። ወይኒቱን በትከሻዋ ይዛ አስነሣቻትና "እዚህ አላለቅስም" አለች። "ጋሽ ገደፋው፣ የአገራችንን ሥርዓት አታጉድሉብኝ። ነገ ጠዋት ሰው ይዛችሁ ኑና አርዱኝ። እንደ ማንኛውም ሰው።"

ከሰዓት በኋላ የዳኘውን ዘመዶች፣ የዕድሩን ሽማግሌዎች አገኘኋቸው። ተቆጡ ማለት አይገልጸውም! "ማን ነው አፉን የከፈተው? ያቺ የገጠር ልጅ ናት አይደል?" አሉ። "እኔ ነኝ" አልኳቸው። "የዋሸሁትም እኔ፣ ያስጠረጠርኩትም እኔ። ልጅቷን የሚነካት እኔን ያገኛል።" ከዚያ ወዲያ ያጉረመርማሉ እንጂ አልተናገሩኝም። ዳኘው ብቻ ጥግ ይዞ፣ "ሃያ አንድ ቀን አጠገቤ ተኝታ? ሃያ አንድ ቀን?" ይላል ደጋግሞ። አንጀቴን በላው። ከጤና ጣቢያ አዋላጇን ሲስተር ብርሃንን ለመንናት፤ "እመጣለሁ፣ ከአጠገቧ እሆናለሁ፤ ታምቆ ከሚቀር ይውጣላት" አለች።

አርብ ጠዋት፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ አሥራ አራት ሰው ሆነን ሄድን። ዳኘው ከፈተልን። ሲሳይነሽ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ሲስተር ብርሃን ቀድማን ገብታ ጎኗ ነች። ሁላችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። በሥርዓቱ መናገር የነበረባቸው የዕድሩ ዳኛ ነበሩ፤ "እግዚአብሔር የሰጠውን..." ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ "አንተ በለው ገደፋው።"

ወይ ጣጣ! ውሸቱን ያን ያህል ያቀላጠፍኩት ሰውዬ፣ እውነቷ አንዲት ቃል ሆና ከአፌ አልወጣ አለች። ሲሳይነሽ አየችኝ። የጥርጣሬ ዓይን አልነበረም፤ የለማኝ ዓይን ነበር።

"ምነው ጋሽ ገደፋው፣ በጠዋት ምን እግር ጣላችሁ?" አለችኝ፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ እየተርበተበተች። "በደህና ነው?"

"ሲሳይነሽ" አልኩ፣ "ወንድምሽ ዘመኑ ሞቷል።"

"መቼ?" ብላ ጮኸች። "መቼ? ኧረ መቼ? ማን ነገራችሁ? ዘመንዬ!" ከመደቡ ልትወድቅ ስትል ዳኘውና ሲስተር ብርሃን ደግፈው ያዟት። ከኋላችን መጥተው ከውጭ የቆሙት ሴቶች ጩኸቷን ተቀበሏት፤ ጎረቤት ሁሉ በሩን እየከፈተ ወጣ።